ከዘፈኖቼ ሥር ያልተጻፈው ስም

ሰው ድምፄን ሲያደንቅ ያናድደኛል። ድምፅማ በየሰርጉ ሞልቷል። እኔን ዘፋኝ ያደረጉኝ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንዲት ክፍል ስቱዲዮ ያላቸው አቀናባሪዬ ናቸው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ዙሪያውን የመንዝ ባና ተሰቅሎበታል፤ የበግ ጠጉር ካልሸተተኝ ዛሬም የምዘፍን አይመስለኝም።

መጀመሪያ ከጎረቤላ በሚኒባስ ስሄድ መጮህ መዝፈን ይመስለኝ ነበር። "አንቺ ልጅ፣ ተራራ ማዶ ያለ ሰው አትጥሪ፤ ማይኩ አፍሽ ሥር ነው" አሉኝ። ከዚያ ግጥሙን ያለ ዜማ፣ ለጎረቤት ወሬ እንደማወራ አድርገው አስወሩኝ። ወሬው ካልጣማቸው ዜማው አይጀመርም። ስንኝ ሲቆርጡብኝ አልቅሼ አውቃለሁ። ዛሬ ሳዳምጠው ግን የተቆረጠው ሁሉ ሊቆረጥ የሚገባው ነበር።

ታዲያ ዘፈኖቼ ዩቲዩብ ላይ ሲወጡ የገጣሚውም የዜማ ደራሲውም ስም ይጻፋል፤ "ቅንብር" ከሚለው ቀጥሎ ግን ባዶ ነው። አቀናባሪዬ ጋሼ የመሪጌታ ልጅ ናቸው። "አባቴ፣ ልጄ ዘፈን ውስጥ ገባ ብለው እንዳያዝኑ ስሜን እንዳትጽፊ" አሉኝ። ነገሩ ደብረ ብርሃን ላይ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ነው፤ ቢሆንም ቃሌን ጠበቅሁ። የአዲስ አበባ ሰዎች ቅንብሩ የሌላ ሰው ነው ሲሉ እየሰማሁ እንኳ አላረምኳቸውም። መሪጌታው ካረፉ በኋላ "አሁንስ ጋሼ?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እናቴ ገና በሕይወት አሉ" ብለው ገመዳቸውን መጠቅለል ቀጠሉ።

አምና ሴት ልጃቸውን ሲድሩ እንድዘፍን ጠሩኝ። የልጄን ሰርግ ድምፅ ለማንም አልሰጥም ብለው፣ ሙሉ ሱፋቸውን እንደለበሱ ሚክሰሩ ኋላ ተቀመጡ። በሰርግ ላይ ሙሽራውም፣ ሚዜውም፣ አማቹም በስሙ ይወደሳል፤ የሙሽራዋን አባት መዝለል ነውር ነው። እኔም የምጠብቀው ይህንኑ ነበር።

ድምፄን ያበጠረ፣ ዜማዬን የለየ፣
ስሙ ሳይጠራለት ስንት ዘመን ቆየ።

ቀጥዬ ስማቸውን ስጠራ ማይኩ ጠፋ። ዞር ብዬ ሳይ እጃቸው ሚክሰሩ ላይ ነው፤ ዓይናቸው ግን መሬት ላይ ያለ ገመድ ይመረምራል። እልህ ያዘኝ። እሳቸው ባስተዉኝ በድሮው ጩኸቴ፣ ተራራ ማዶ ያለ ሰው እንደሚጠራ ሰው፣ ስማቸውን ደግሜ ጠራሁ። ተቀባዮቹ ሴቶች ከአፌ ነጠቁኝ፤ ድንኳኑ በጭብጨባ ስማቸውን ይዞ ተነሣ።

ፊት ለፊት የተቀመጡት የጋሼ እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ቆሙ። ጥለው ሊወጡ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ጋሼን በገዛ ልጃቸው ሰርግ አዋረድኳቸው አልኩ። እናትየው ግን እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል አሉ።

ያን ጊዜ ማይኩ እጄ ውስጥ ተመልሶ ተከፈተ። ወደ እናትየው አስጠጋሁት።