ከእንግዳ እጅ የተነሣ ትሪ

ተናኘወርቅ አትላንታ አጠገብ ኖርክሮስ ባለው አፓርትመንቷ እንግዳ ጠርታ ዶሮ ሳትሠራ ቀርታ አታውቅም። የዚህ ቅዳሜ እንግዶቿ ግን ሥጋ በአፋቸው ዞሮ የማያውቅ ሰዎች ናቸው፤ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አብራት የምትሠራው ህንዳዊቷ ሄታልና እናቷ። እናትየው አትላንታ ከመጡ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ከዘመድ ቤት በቀር በሰው ቤት እህል ቀምሰው አያውቁም። አሁንም እሺ ያሉት ሄታል «እሷን እመኛት» ብላ ስለለመነቻቸው ነው።

«ታዲያ ቅጠል አብልተን ልንሸኛቸው ነው?» አለ ባሏ ነጋሽ። እሱን ደስ ይበለው ብላ ከምስሩ ጎን ትንሽ ዶሮ ጣደች። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል። ባል አንዳንድ ቀን ዝም ቢል ምን ነበረበት!

የተናኘወርቅ እናት የጾሙን ድስትና ማማሰያ ለብቻ ያስቀምጡ ነበር። እሷ ጴንጤ ከሆነች በኋላ «እግዚአብሔር ማማሰያ ይቆጥራል እንዴ?» እያለች ታሾፍባቸው ነበር። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ነውና፣ ሠላሳ ዓመት ሳይለይ የኖረ እጇ የዶሮውን ማማሰያ አንሥቶ ምስሩ ውስጥ ከተተው። ያወቀችው የዶሮ ሥጋ ቅንጣቢ ምስሩ ላይ ስታይ ነው።

«ማሚ፣ ሪላክስ! ማን ያውቃል? ጀስት ሰርቭ አድርጊው» አለቻት ልጇ ኑሃሚን።

ምስሩን አታቅርቢ ሳትላት እንግዶቹ ደረሱ። ተቀብላ አስቀመጠቻቸውና ሽንኩርት የሸተተ ቀሚሷን ልትቀይር ገባች። ስትመለስ ትሪው ቀርቧል። ኑሃሚን ምስሩን እንጀራው መሐል ገልብጣዋለች፤ መረቁ ጎመኑና ሽሮው ድረስ ሄዷል።

ዝም ብትል ቀኑ ያልፋል። ብትናገር ደግሞ ሄታልን ማጣትም አለ። ግን አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቤት ያላመኑ አሮጊት እሷን አምነው ተቀምጠዋል። አሮጊቷ እንጀራ ቆርሰው ወደ ምስሩ ሲሰነዝሩ ትሪውን ብድግ አደረገችው። ከእንግዳ እጅ ማዕድ መንጠቅ እኛ ዘንድ ከስድብ ይብሳል። ነጋሽ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። «ምስሩን በዶሮ ማማሰያ አማስዬዋለሁ። ረስቼ ነው። እባካችሁ አትብሉት።»

ሄታል በቋንቋቸው ነገረቻቸው። አሮጊቷ ቁራሹን መልሰው አስቀመጡና ያልተነካካ ምግብ እንዳለ አስጠየቁ። በየድስታቸው የቀረ ጎመንና ሽሮ በሌላ ሳህን ቀረበ። አሮጊቷ ሽሮውን በሉ፤ ደገሙም። ተናኘወርቅ ግን በማማሰያው ስታሾፍባቸው የገዛ እናቷ አንድ ቀን እንኳ እንዳልተቆጧት ትዝ ብሏት ክፉኛ አዘነች።

ሲወጡ አሮጊቷ በር ላይ እጇን ይዘው ረጅም ነገር ተናገሩ። ሄታል አፏን ከፍታ ቀረች።

«እናቴ እንዲህ ብላ አታውቅም» አለች። «‹ለሚመጣው ቅዳሜ ምስሩን እንደገና ትሥራልኝ። ወጥ ቤት ገብቼ አላይም› ነው የምትልሽ።»