የስልሳ ሦስት ሰው ቃል

መኖሪያ ቤት እንዲሰጠኝ ለማመልከት አንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ወረፋ ስጠብቅ ነው አባ ሐንፈሬን ያገኘኋቸው። መስከረም 1980 ነው፤ የአሰብ ወበቅ ገና አልበረደም። አግዳሚው ላይ ጥላ ያረፈበት አንድ ጥግ ብቻ ነበር፤ ጠጋ ብለው አካፈሉኝ።

«መምህር ነህ?» አሉኝ። «ጣትህ ላይ ጠመኔ አለ።»

ጨዋታ ወዳጅ ነኝና ወዲያው ተግባባን። በወጣትነታቸው ወደቡ ላይ ጆንያ ተሸክመዋል፤ አማርኛውንም የለመዱት እዚያው ነው። ኋላ ግመል ገዝተው ከከብት አርቢዎቹ ጋር ሊኖሩ ደባይሲማ በረሃ ገቡ። እዚያስ ሥራዎ ምንድን ነው ብላቸው፣ «ቃል አደርሳለሁ» አሉኝ። አገሬው መክሮ የተስማማበትን፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ ሠላሳ ዓመት ሲያደርሱ ኖረዋል።

ባለፈው ጥር የሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ ሲመጣ ግን ተቸገሩ። ስልሳ ሦስት ሰው ሦስት ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ «መሬቱ የመንግሥት ይሁን፤ ግን የውሃ ጉድጓዱን ተራ እኛው እንወስን» ብሎ ላካቸው። ሁለት ቀን ተጉዘው ድምፅ መስጫ ጣቢያው ሲደርሱ፣ ጫኔ የሚባል መዝጋቢ ሳቀባቸው።

«አባባ፣ ይሄ በውክልና አይሆንም። ሁሉም ለየራሱ ይምጣ።»

«ግመሎቹንስ? አንተ ትጠብቅልናለህ?»

«እንግዲያው የራስዎን ይስጡ። ወይ እደግፋለሁ፣ ወይ አልደግፍም።»

«ግን ሰዎቹ ያሉትንስ የት ላኑረው?»

ጫኔ ወደ ሳጥኑ አመለከታቸው። አባ ሐንፈሬ የራሳቸውን ድምፅ ብቻ ሰጥተው ተመለሱ፤ ለላኳቸውም «ሳጥኑ ቃላችሁን አልተቀበለም፤ ይዤው መጥቻለሁ» አሉ። የተቆጣቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ግን ለሠርጉም ለእርቁም የሚላከው ሌላ ሰው ነው።

«ይህቺ ነገር ናት የምታንገበግበኝ» አሉኝ።

ሰኔ ላይ የሸንጎ ተወካይ ሲመረጥ ተስፋ አደረጉ። ተወካይ እንደ ሳጥኑ አይደለም፤ ሰው ነው፣ ሲሉት ይሰማል ብለው ያንኑ ቃል ይዘው ተወካዩ ወደሚሠሩበት ወደዚህ ጽሕፈት ቤት መጡ። ይኸው ዛሬ አራተኛ ቀናቸው ነው። እኔ ደግሞ ተማሪዎቼን ስለ ሕዝበ ውሳኔ ሳስተምር፣ ሕዝብ ከአዎና ከአይደለም ሌላ የሚለው ይኖረዋል ብዬ አንድ ቀን እንኳ አለማሰቤ ገረመኝ።

ጸሐፊዋ ዘውድነሽ ብቅ አለች። «አባባ፣ ነግሬዎት የለም እንዴ? ተወካዩ ለስብሰባ አዲስ አበባ ናቸው። መቼ እንደሚመለሱ አላውቅም።»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ጥላ ሥር መቀመጥ ፈቃድ አያስፈልገውም።»

እሷም ሳቅ ብላ ገባች። ተራዬ ደርሶ ስነሣ፣ ቃሉን በማመልከቻ ጽፌ ልተውላቸው እንደምችል ነገርኳቸው። እጄን ጨበጡኝ።

«ጻፍልኝ፣ መምህር። እኔ ግን ከዚህ አልነሣም፤ ሰውዬው አንብቦ ያልገባው ነገር ቢኖር ማንን ይጠይቃል?»