የዚያ ዓመት ቀጭን ወይን

አዳማ ውስጥ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው የወሰዱኝ፤ የእጄን ጠመኔ እንኳ ሳልታጠብ። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር አሉ። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ሲግል ዐሥራ አንድ ሰው ለአንዲት መስኮት ይሻማል።

ከጎኔ የሚተኙት ሽማግሌ የዝዋይ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ወይን እርሻ ውስጥ ነው፤ ወይን ጠማቂ ናቸው። ጥፋታችን አንድ ነበር፦ ስለ መሬት በተጠራ ስብሰባ ላይ እኔ ተናገርኩ፣ እሳቸው አዳመጡ።

ስለ ወይን የማውቀው ራስ ምታቱን ብቻ ነበር። ይህንኑ ብነግራቸው ተቆጡ።

«አይ አስተማሪ! ስኳር የተጨመረበትን ጠጥተህ ነዋ። ደህና ቀይ ወይን አፍ ይሞላል። ውጠኸው እንኳ ምላስህ ላይ ይቆያል፣ ድድህን ያዝ ያደርገዋል።»

«ዝዋይ ከሙቀትና ከአሸዋ ሌላ ምን አላት፣ ጋሼ?»

«እሱ ነዋ! አሸዋው ውሃ አያቁርም፤ ሥሩ ታች ወርዶ ይፈልጋል። ቀን ፀሐይ ይጠብሰዋል፣ ማታ የሐይቁ ነፋስ ያበርደዋል። ጉማሬ እንዳይበላብን ዙሪያውን ቦይ ቆፍረናል። እውነቴን ነው፣ ልጆቼን እንኳ እንዲህ አልጠበቅኩም።»

እሳቸው ሲያወሩ ሙቀቱ ይረሳኛል። ቀምሼው የማላውቀው ነገር ናፈቀኝ።

የመልቀሚያው ጊዜ ተቃርቦ ስለነበር ግን እንቅልፍ አልነበራቸውም። ቀኑን የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። ቀድሞ ከተለቀመ ወይኑ ይቀጥናል፤ የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው።

አንድ ሐሙስ ሚስታቸው መጡ። በር ላይ ያለው ፖሊስ እንደ ደንቡ ያመጡትን ሁሉ አስቀመሳቸው፤ ከምሳ ዕቃው ሥር ያለውን አንድ ዘለላ ጥቁር ወይን ሳይቀር። ሽማግሌው አንዷን ፍሬ አላመጡና ዘሯን በፊት ጥርሳቸው ሰበሯት። የደረሰ ዘር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል።

«ገና ነው» አሉ ፊታቸውን አጨፍግገው። «ይመራል። ዐሥር ቀን ይቀረዋል፣ ሠራተኞቹን እንዳይነኩት በያቸው።»

«ደመና አይተው ፈርተዋል» አሉ ሚስትየው። «ራስህ መጥተህ ካልከለከልካቸው ሰኞ ይለቅማሉ።»

የዚያኑ ቀን ከሰዓት መርማሪው አስጠራቸው። ሲመለሱ አጠገቤ ቁጭ ብለው ነገሩኝ። ወረቀት ተዘጋጅቷል፤ እኔ በስብሰባው ላይ መንገድ ዝጉ፣ ድንጋይ ወርውሩ ስል ሰምተዋል ይላል። ከፈረሙ ነገ ይወጣሉ።

«ይፈርሙ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ከልቤ አልነበረም።

«ዝም በል! ያልሰማሁትን ሰማሁ ልበል? ከዚያ ወዲያ በየትኛው ምላሴ ነው ወይን የምቀምሰው?»

የቀረውን ዘለላ ለዐሥራ አንዳችን አካፈሉን።

ሰኞ ጠዋት ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ወደ ዝዋይ ዞረው ቆሙ። ለቃሚዎቹ ሥራ የሚጀምሩበት ሰዓት ነበር። አለቀሱ፤ እንባቸውን ከማንም አልደበቁም።

ከወራት በኋላ ሁለታችንንም ያለ ክስ ለቀቁን።

ዘንድሮ ዝዋይ ሄጄ ጠየቅኳቸው። ከአንድ ደህና ዓመት ወይን ቀዱልኝ። ወይ ጉድ! እንዳሉትም አፌን ሞላው፣ ድዴን ያዘው። ያ አሸዋ፣ ያ ፀሐይ ይህን ይሰጣል ብሎ ማን ይገምታል?

ከዚያ የታሰርንበትን ዓመት ወይን እንዲያቀምሱኝ ለመንኳቸው።

«ተው እባክህ» አሉ። «እሱ ለእንግዳ አይቀርብም። ያሳፍረኛል።»

ሙጭጭ ብዬ አስከፈትኳቸው። እውነትም ቀጭን ነው፤ ይኮመጥጣል፣ ምላስ ላይ አይቆይም።

እስከ መጨረሻው ጠጣሁትና ብርጭቆዬን በሁለት እጄ ዘረጋሁ።

«ይድገሙኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።