የአያ ይመር ሱሪ

ዓርብ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ደሴ

ከተማው ገና ዓይኑን አልገለጠም፤ የመናኸሪያው ረዳቶች ግን ጉሮሯቸውን ከፍተዋል። "አቀስታ! መካነ ሰላም! የሞላ!" ይላል አንዱ። የሞላ በተባለው ሚኒባስ ውስጥ ያለነው አራት ሰዎች ነን፦ እኔ፣ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ ከረጢት ሽንኩርት ያቀፈች ሴት።

የምሄደው ለአያ ይመር አርባ ነው። አያ ይመር የመካነ ሰላም ልብስ ሰፊ ነበሩ። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም አዲስ መምህር ሆኜ ተመድቤ ስሄድ፣ ሱቃቸው በር ላይ ዝናብ እየወረደብኝ አገኙኝ።

"ማን ቤት አረፍክ?"

"ማንም ቤት።"

የስፌት መኪናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ተነሱ። "በቃ፣ እኛ ቤት ነው" አሉ። ሦስት ዓመት ኖርኩ። ኪራይ ባነሳሁ ቁጥር ጆሯቸው ይደነቁር ነበር።

ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም፤ መሞታቸውን የሰማሁት ሳምንት ዘግይቼ ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ደውለው "ለተዝካሩ ና፤ ስለ እሱም እውነቱን ተናገር" ሲሉኝ፣ እምቢ የምልበት አፍ አልነበረኝም።

ጭንቁም ከዚህ ይጀምራል። አያ ይመር እንደሳቸው ያለ ደግ አይገኝም፤ እንደሳቸው ያለ መጥፎ ልብስ ሰፊም አይገኝም። የሰፉት ሱሪ ሁሉ ግራ እግሩ ከቀኙ ሁለት ጣት ያጥራል። አንድ ቀን ተሳስተው አይደለም፤ ሁልጊዜ ነው። የከተማው ወንድ ይህን እያወቀ ያሰፋል፣ ይለብሳል፣ "እጅዎን ይባርከው" ብሎ ይሄዳል። አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም። እኔ አሁን ማይክ ይዤ ምን ልበል?

አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌዎች እግር አየሁ። የሁለቱም ግራ ቁርጭምጭሚት ብርድ ላይ ነው።

"ለአያ ይመር አርባ ነው የምትሄዱት?" አልኳቸው።

"በምን አወቅህ?" አሉ አንደኛው፣ ደንግጠው።

ረፋድ፣ ከጉጉፍቱ እስከ አቀስታ

ጉጉፍቱ ላይ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ሾፌራችን ጫኔ ይባላል፤ ከሰላሳ አይበልጥም፤ ጉም ቢኖርም ባይኖርም ይበራል። ሽንኩርት ያቀፈችው ሴት ስለት እየተሳለች ነው።

"ቀስ በል እንጂ ልጄ!" አሉት አንደኛው ሽማግሌ።

"ምን ላድርግ አባባ፤ ስወለድም ቸኩዬ ነው። አያ ይመር በሕይወት ቢኖሩ ይመሰክሩልኝ ነበር።"

ከዚያ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ ተረከልን። እናቱ ገበያ መጥታ ምጥ ያዛት። ሐኪሙ "ደሴ ካልሄደች አይሆንም" አለ። በዚያ ሰዓት ከከተማው የሚወጣው በግ የጫነ አይሱዙ ብቻ ነበር፤ ሾፌሩም "ቦታ የለኝም" ብሎ ሞተር አስነሳ። አያ ይመር ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደተንጠለጠለ ሮጠው ሄዱና ከፊት ጎማው ሥር በጀርባቸው ተኙ።

"ወይ እሷን ጫን፣ ወይ በእኔ ላይ እለፍ!" አሉት። "ቶሎ ወስን፣ ደንበኛ ይጠብቀኛል!"

ሾፌሩ ጫናት። እሳቸውም አብረው ወጡ። አቀስታ ሳይደርሱ ልጁ በበጎች መሐል ተወለደ።

"እናቴ በአንድ በኩል ትጮኻለች፣ በጎቹ በሌላ በኩል ይጮኻሉ። አያ ይመር ጋቢያቸውን ለእኔ ጠቅልለው በሸሚዝ ተንቀጠቀጡ። ጫኔ የተባልኩት ስለተጫንኩ ነው።"

ሽማግሌው "ለማንኛውም ቀስ በል" አሉ።

አቀስታ ላይ ቁርስ ወረድን። ብርዱ አፍንጫ ይቆርጣል። ሦስት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ሃያ ብር፤ ሻዩ ዝንጅብል የበዛበት። ሁለተኛው ሽማግሌ እስካሁን ድምፃቸው አልተሰማም ነበር። ድንቻቸውን እየላጡ "ላንተስ ሰፍተውልህ ያውቃሉ?" አሉኝ።

"የሰርጌን ሱፍ።"

ሁለቱም ድንቻቸውን አስቀመጡ። "በሰርግህ ቀን?!"

አዎ፣ በሰርጌ ቀን። ስጦታ ነበር፤ ጨርቁን ራሳቸው ገዝተው፣ ከመካነ ሰላም ደሴ ድረስ በእቅፋቸው ይዘውት መጡ። ያን ለብሼ ወደ ሙሽራዋ ቤት ስገባ ከሴቶቹ አንዷ "ውይ፣ ሙሽራው ያነክሳል እንዴ?" ስትል ሰማኋት። አማቴ ዛሬም በስልክ ሰላም ሲሉኝ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "እግርህስ?" ይሉኛል።

ከሰዓት በኋላ፣ መካነ ሰላም

አቧራ፣ ባጃጅ፣ ባሕር ዛፍ፣ አዲስ የተጀመሩ ፎቆች። የአያ ይመር ግቢ በር ላይ ትልቅ ድንኳን ተተክሏል። በአንድ ወገን የክርስቲያኑ ድስት፣ በሌላ ወገን ሙስሊሞቹ ራሳቸው ያረዱት በግ ይንተከተካል። በዚያኛው ድስት ላይ የሱቃቸው ጎረቤት ሐጂ ሰይድ ጭልፋ ይዘው ቆመዋል። ሻይ ቤት አላቸው፤ ከአያ ይመር ጋር አርባ ዓመት ግድግዳ ተጋርተዋል።

"አብሽር፣ መምህር! ወፈርክሳ፣ ማሻ አላህ!" ብለው አቀፉኝ፤ ከዚያ ትከሻዬ ላይ ፊታቸውን ሸሽገው ትንሽ ቆዩ።

እትዬ አስካለ ከስተዋል። ቀብሩ ላይ ስላልደረስኩ ይቅርታ ልጠይቅ እግራቸው ሥር ልወድቅ ስል ይዘው አነሱኝ። "ቀብሩን ተወው፤ ደግሞ ለዚህ ልታለቅስ ነው? መጀመሪያ ብላ" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ ተዝካር

ካህናቱ ጸሎቱን ጨረሱ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ። ማይኩን ሰጡኝ። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዓይኔ ወደ መሬት ሲያቀና የሚታየኝ ግራ ቁርጭምጭሚት ብቻ ነው።

"አያ ይመር..." አልኩ፣ "አያ ይመር ታላቅ የእጅ ባለሙያ ነበሩ..."

ከኋላ አንድ ሰው ሳለ። ሌላው ተቀበለው። ሳሉ እንደ ወረርሽኝ ድንኳኑን ዞረው። በመጨረሻ ሐጂ ሰይድ ጭልፋቸውን እንደያዙ ተነሡ።

"መምህር! ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ውሸት በሰው አርባ ላይ አይነገርም!"

ድንኳኑ ፈነዳ። ከሁሉም የባሱት መሪጌታው ናቸው፤ ቀሚሳቸውን ገለጥ አድርገው ግራ እግራቸውን ለሕዝቡ አሳዩ። አርባ ዓመት የታፈነ ሳቅ ነው፤ ሰው በሰው ላይ ይወድቃል። እኔ ግን ላብ አሰመጠኝ፤ እትዬ አስካለን ማየት ፈርቻለሁ። ሳያቸው ቆመዋል። ሳቁ ባንዴ ቀጥ አለ።

"ያውቅ ነበር" አሉ።

ነጠላቸውን አስተካክለው ቀጠሉ።

"ቀኝ ዓይኑ ከልጅነቱ ጀምሮ አያይም። ከእኔ በቀር ለሰው አልነገረም። 'እንግዲያው ተወው፣ ይመር፤ ሰውን አጭር ሱሪ አታልብስ' ብዬ ለመንኩት። ምን አለኝ? 'አስካለ፣ ይህ ሁሉ ሰው እኔን ላለማሳዘን ብሎ ነው የሚለብሰው። እኔ ብተወው በማን ይጽደቅ?'"

ሐጂ ሰይድ ጭልፋቸውን ጣሉት። "አንተ ሌባ! አርባ ዓመት ሙሉ እኔ ያዘንኩልህ መስሎኝ!" እያሉ ለአያ ይመር ወደተተወው ባዶ ወንበር ጮኹ፤ ጩኸታቸው መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ። እኔ የቀረውን ንግግሬን አልጨረስኩም። የጠየቀኝም የለም።

እሑድ፣ መመለሻ

ጠዋት ሱቁን ተሳለምኩ። የስፌት መኪናውን እትዬ አስካለ ለሐጂ ሰይድ ልጅ ለሰዓዳ ሰጥተዋታል፤ ሙያዋ ንጹሕ ነው። "ሰው ግን ይመጣና መስታወት ፊት ቆሞ፣ የሆነ ነገር የጎደለ ይመስል ይዞራል" አለችኝ።

የተሳፈርኩበት አውቶቡስ አቀስታ ላይ ለሻይ ቆመ። መንገድ ዳር በተቃራኒው አቅጣጫ መኪና የሚጠብቁ አንድ ገበሬ አሉ፤ ስልክ ከማይሠራበት ቀበሌ አራት ሰዓት በእግራቸው እንደመጡ ነገሩኝ። ሙሄ ይባላሉ። ብብታቸው ሥር አዲስ ግራጫ ጨርቅ ታጥፏል።

"ከመካነ ሰላም ነው የመጣኸው? ይመርን አገኘኸው? ለልጄ ኒካህ ላሰፋ ነበር።"

ሁለት ቀን ሙሉ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር ነበርኩ፤ መሞታቸውን ለሰው መናገር ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

"አያ ሙሄ... አያ ይመር ዐረፉ። ትናንት አርባቸው ነበር።"

መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ እንደ ቀልድ። ከዚያ ፊቴን አዩት። ጨርቁን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "ኢና ሊላህ..." አሉ። አውቶቡሱ ጥሩምባውን ነፋ።

"ቀብሩ ላይ አልደረስኩም" አሉ።

"እኔም አልደረስኩም።"

እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳርፈው ቦታ ለቀቁልኝ። "በል ተቀመጥ። ከመጀመሪያው ጀምረህ ንገረኝ።"

ጥሩምባው ደገመ። ረዳቱ በስሜ ተጣራ። ሻንጣዬን እንዲያወርድልኝ በእጄ ምልክት ሰጠሁትና ተቀመጥኩ።

ደሴ የገባሁት በማግስቱ ነው።