ትይዩ ናቸው ያልኩ ቀን

ጠመኔ ካስረከብኩ ወዲህ የማስተምረው ሰው ሳጣ ቦረቦር ማስተማር ጀመርኩ። ተማሪዬ ሰነፍ አልነበረም፤ ሰነፉ መምህሩ ነው።

ዲላ ውስጥ ከጎረቤቴ ጓሮ በታች ያለው ይህ ቦረቦር በየበልጉ ዳገቱን እየገመሰ ወደ ቤቷ ይወጣል። እሷ ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራይ ክፍል እየቀጠለች ወደ እሱ ትወርዳለች። አምና ባለካሬ ወረቀት አውጥቼ ለቤቷ አንድ መስመር፣ ለቦረቦሩ ሌላ መስመር አሰመርኩ። ሁለቱን እኩልዮሾች በመተካትም በማስወገድም ፈታኋቸው። መስመሮቹ የሚገናኙት ሁለት ልጃገረዶች ከሚተኙበት ከመጨረሻው ክፍል ላይ ነበር።

«ጋሼ ደግሞ ሟርት ይወዳሉ» አለችኝ። ግንባታውን ግን አቆመች።

ዘንድሮ ዝናቡ ሲበረታ ልጆቹ ሻንጣቸውን ሸከፉ። እኔም ሜትሬን ይዤ ወረድኩ። መነሻዬ የጓሮዋ የቆርች ዛፍ አጥር ነው። እዚህ አገር ቆርች ከተተከለ ሥር ይሰዳል፤ ሰው ያልፋል፣ እሱ ይቆማል። በድንበር ሲጣሉ እንኳ ዳኛው እሱ ነው። ከአጥሩ እስከ ቦረቦሩ አፍ ያለው ርቀት አምና ከለካሁት ፈቅ አላለም። የቤቱም መስመር ቆሟል።

«ትይዩ ናቸው! መፍትሔ የለውም!» ብዬ ጮኽሁ።

ጎረቤቴ ደረቷን ያዘች። «ምን ማለት ነው ጋሼ?»

«አይገናኙም ማለት ነው፤ ደስ ይበልሽ።»

ልጆቹ ሻንጣቸውን ፈቱ። እኔም እንደ አውራ ዶሮ ተንጎራደድኩ።

ሰንብቶ አንደኛዋ ልጅ ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ማስጫው ሽቦ ከቤቱ ማዕዘን እስከ ቆርቹ የታሰረ ነው፤ እርጥብ አንሶላ ሲሰጣበት መሬት ይልስ ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ወጠረው? እጄ አልደርስ አለ።»

ማንም አልወጠረውም። ሽቦውን በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ክራር ጮኸ። ግድግዳው አልተነቃነቀም፤ የሄደው አጥሩ ነው። አጥሩና የቦረቦሩ አፍ አብረው ወደ ታች ሲንሸራተቱ፣ የእኔ ሜትር በመሃላቸው ተዘርግቶ እንቅልፉን ይለጥጥ ነበር። የደረቀውን የእንሰት ቅጠል ገለጥ ባደርግ መሬቱ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ በመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ሥር ይገባል።

«ፍራሻችሁን ይዛችሁ ውጡ!»

«ጀመሩ ደግሞ!» ብላ ልጅቷ ሳቀች። «ትይዩ ነው አላሉም እንዴ?»

ዕድሜ ልኩን ሲቀልድ የኖረ ሽማግሌ በጭንቁ ቀን ማን ይመነው? እጇን ይዤ ስንጥቁ ውስጥ ከተትኩት። ክንዷ እስከ ክርኗ ገባ። ሳቋ እዚያው ቀረ።

ፍራሾቹን ተሸክመን ወደ እኔ ቤት አገባን። ሰማዩ ጠቁሯል።

«መቼ ነው የሚወርደው?» አለች ጎረቤቴ።

መነሻው ራሱ እየተጓዘ ከየት ተነስቼ ልለካ? እሷ ስንጥቁን በዓይኗ ትከተላለች፤ ከእሷ ግቢ አልፎ በእኔ አጥር ሥር ገብቷል።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ልጆቹን የት ነው ያስገባናቸው?»