አምባ ጥድ መዝገቧን ያልሰጠችበት ሐሙስ

ሐሙስ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጎንደር ስነሳ የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ነበር፤ አምባ ጥድ ከምትባል ትንሽ ከተማ ደርሼ፣ ሁለት ፎቶ አንስቼ፣ የአራት መስመር ዜና ይዤ በማግስቱ መመለስ። ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የትናንሽ ከተሞችን የሥራ እንቅስቃሴ የሚዘግብ ሳምንታዊ ጋዜጣ አዘጋጃለሁ። ስብሰባ ተካሄደ፣ ቦይ ተጠረገ፣ ችግኝ ተተከለ፣ የገበያው ቦታ ታጠረ፤ የምጽፈው ይህን ነው። ዜናው የሚመጣልኝ በስልክ ስለሆነ ስድስት ዓመት ሙሉ ስማቸውን እየጻፍሁ በዓይኔ አይቻቸው የማላውቅ ከተሞች ብዙ ናቸው። አምባ ጥድ አንዷ ነበረች። እውነተኛ ስሟ ይህ አይደለም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ለምን እንደሆነ አንባቢ ኋላ ይረዳኛል።

የሳምንቱ ዜና ከወረዳው ተጽፎ መጥቷል። የአምባ ጥድ የመታወቂያና የልደት፣ የጋብቻ፣ የሞት ምዝገባ ቢሮ ወደ ወረዳው ዋና ከተማ ተዛውሮ «በተሻለ ሁኔታ ተደራጅቷል» ይላል። አለቃዬ ወረቀቱን ሲሰጠኝ «የርክክቡን ፎቶ አንሺ፤ ነዋሪዎችም ይታዩበት» አለኝ። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወዲያ

ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቶ ነው የወጣው። ረዳቱ ከታሪፉ በላይ ጠየቀ፤ አጉረመረምን፤ ከፈልን። አምባ ጊዮርጊስ ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦት ሾፌሩ መብራት አብርቶ ይሳብ ጀመር። በመስኮቱ የሚገባው ብርድ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የጋቢያቸውን ጫፍ ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉልኝ።

«ለቆላ ልብስ ለብሰሽ ደጋ ትወጫለሽ፤ ምነው ልጄ?» አሉኝ።

አያ ወርቁ ይባላሉ፤ የአምባ ጥድ ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ጎንደር ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ተገላግላ አሥር ቀን ሲያስታምሙ ሰንብተው ነበር።

«እንኳን ማርያም ማረቻት» አልኋቸው።

«አሜን፣ ማርያም ታኑርሽ። ቅዳሜ ትወጣለች አሉኝ። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዷል። እንግዲህ እኔ ቤቱን አሰናድቼ፣ በቅሎ ለምኜ፣ ቅዳሜ ማልጄ ተመልሼ ላመጣት ነው።»

የወረዳውን ዋና ከተማ አልፈን ጥቂት እንደሄድን ኬላ ላይ አስቆሙን። ሁላችንም መታወቂያ አወጣን። ጠባቂው የአያ ወርቁን አገላብጦ አየና «አያ፣ ይህ እኮ ጊዜው አልፏል» አላቸው።

«አውቃለሁ ልጄ። ስሄድ ደህና ነበር፤ ልጄ አጠገብ እንደተቀመጥሁ ነው ያለፈብኝ።»

ተሳፋሪው ሁሉ ይለምንላቸው ጀመር። ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም። «ወደ ቤትዎ ስለሆነ ይለፉ። ቅዳሜ ግን በዚህ ቢመጡብኝ አላሳልፍዎትም፤ ትእዛዝ ነው» አላቸው።

«ዛሬውኑ አሳድሰዋለሁ» አሉ፤ መታወቂያቸውን በደረታቸው ኪስ እየከተቱ። «ቢሮው ከቤቴ አጠገብ ነው።»

ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ያለው ወረቀት ትዝ አለኝ። ዝም ልላቸው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልሁም። ቢሮው ዛሬ እንደሚዘጋና መዝገቡ አሁን ወዳለፍናት ከተማ እንደሚሄድ ነገርኋቸው። ወደ ኋላ ዞረው ኬላውን አዩ።

«እዚያ ለመሄድ ይህን ኬላ ማለፍ አለብኝ?»

«አዎ፣ አያ።»

«መታወቂያ ለማሳደስ መታወቂያ ያስፈልገኛላ!» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው አልቆየም። ከዚያ እስከ መገንጠያው ድረስ ዓይናቸውን ማየት አፈርሁ። ያ «በተሻለ ሁኔታ» የሚለው ቃል በእኔ እጅ ሊታተም ነበር።

በእግር ሁለት ሰዓት

ከመገንጠያው እስከ አምባ ጥድ መደበኛ ትራንስፖርት የለም። በጠጠሩ መንገድ አዘገምን። ጉሙ ተገፎ ፀሐይ ወጣች፤ ገብሱ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተቆልሏል። በስተቀኝ በኩል ገደሉ ድንገት ይወርዳል፤ ከሥር ያሉት መንደሮች የክብሪት ቀፎ ያካክላሉ። አያ ወርቁ እንደኔ መልክዓ ምድሩን ሊያዩ አልቆሙም። በከዘራቸው እየተመረኮዙ ከፊቴ ይገሰግሳሉ፤ እኔ በዕድሜ ልጃቸው የምሆነው ቁና ቁና እየተነፈስሁ ከኋላ እከተላለሁ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ ባዶ አይሱዙ አቧራ እያለበሰን አለፈ። እጃችንን ብንዘረጋም አልቆመም። አያ ወርቁ አቧራውን ከጋቢያቸው አራግፈው እርምጃቸውን ጨመሩ።

አምባ ጥድ፣ ረፋድ አምስት ሰዓት

ከተማዋ አንድ መንገድ፣ አንድ ወፍጮ ቤት፣ በጥድ የተከበበች ቤተ ክርስቲያንና ግራና ቀኝ የተደረደሩ ቆርቆሮ ቤቶች ናት። ማዘጋጃ ቤቱ የድንጋይ ቤት ነው። ያ አይሱዙ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። ግቢው በሰው ተሞልቷል፤ ማንም ግን አይጮኽም። ሴቶቹ ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አኑረው፣ ወንዶቹ ዱላቸውን ተደግፈው በሩን ያያሉ።

ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ አራት መደርደሪያ ሙሉ መዝገብ አለ። ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ወይዘሮ የሺመቤት፣ የከተማው መዝጋቢ፣ ሃምሳውን ያለፈች ቀጭን ሴት ናት፤ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ከፊቷ የወረዳው ምክትል ኃላፊ ደብዳቤ ይዞ ቆሟል።

«አንብቤዋለሁ» አለችው። «ደብዳቤው ሸጋ ነው፤ ማኅተምም አለው። የከተማው ምክር ቤት ቃለ ጉባኤ ግን የለውም። እኔ ይህን መዝገብ ከምክር ቤቱ ፈርሜ ነው የተረከብሁት። የማስረክበውም ምክር ቤቱ ሲወስን ነው።»

«ምክር ቤቱ ኋላ ያጸድቀዋል።»

«እንግዲያው እኔም ኋላ አስረክባለሁ።»

አያ ወርቁ በመሐላቸው ገብተው መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «የሺ፣ አልፎብኛል። ቅዳሜ ልጄን ላመጣ ነው።»

«ይቀመጡ አያ። ፎቶ ይዘዋል?» አለችና እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ሥራ ቆሟል ብያለሁ!» አለ ምክትሉ።

ቀና ሳትል መጻፏን ቀጠለች። አዲሱን መታወቂያ ጽፋ ስትጨርስ እጇን ወደ ማኅተሙ ዘረጋች፤ ምክትሉ ግን ቀደማትና አፈፍ አድርጎ ኪሱ ከተተው። ያልታተመው መታወቂያ በሁለቱ መካከል ቀረ። አያ ወርቁ አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ ሰውየውን አዩ።

ምክትሉ ወደ ውጭ ወጥቶ ከገበያ የቀጠራቸውን ሦስት ወዛደሮች ጠራ። የመጀመሪያው ጌትነት የሚባል ትከሻ ሰፊ ወጣት ነበር። አንድ ክምር መዝገብ ታቅፎ በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«እትዬ የሺ፣ እኔም እዚህ ውስጥ አለሁ?»

«አለህ። ልደትህ አለ፣ ጋብቻህ አለ፣ የአባትህም ሞት አለ። ሦስቱንም የጻፍሁት እኔ ነኝ።»

ጌትነት ክምሩን እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። «እኔ ይህን አላወጣም» አለ።

«ተነጋግረን የለም እንዴ!» አለው ምክትሉ።

«እህል መስሎኝ ነበር፣ ጌታዬ።»

ሁለቱ ጓደኞቹም እጃቸውን አራግፈው ወጡ። ምክትሉ ፊቱ ደም መሰለ፤ ዞር ሲል እኔን አገኘኝ። «አንቺ ነሽ ከጎንደር የመጣሽው? አንሺ እንጂ! ቢሮው ተዛወረ፣ ነዋሪዎቹም ደስታቸውን ገለጹ ብለሽ ጻፊ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! በስልክ ሲነግሩኝ እጄ ራሱ ይጽፈው ነበር። ያን ዕለት ግን ሰዎቹ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ማስታወሻ ደብተሬን ገልጬ ደረጃው ላይ ወጣሁ። «ደስ ያለው ሰው ማን ነው? ስሙን ልጻፍ» አልሁ፤ ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ።

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ተጋባና ግቢውን ሞላው። ድንች የምትሸጥ አንድ ሴት ዘንቢሏን ትታ ወደ ፊት መጣች።

«ጻፊ። አንጓች እባላለሁ። ደስ አላለኝም። ሁለት ሰዓት በእግር፣ ከዚያ ማኪና፣ ከዚያ ኬላ። ልጅ አዝዬ እንዴት ብዬ ነው የምሄድ? ደግሞስ ምነው አንድ ሰው እንኳ ሳይጠይቀን?»

«እኔንም ጻፊ» አለ ከኋላዋ ያለው። «እኔንም።»

«በእንቢተኝነት የሁላችሁም ስም ይመዘገባል!» አለ ምክትሉ።

ወይዘሮ የሺመቤት ከውስጥ ወጣች። ባዶ ወረቀትና የቀለም መርገጫ ይዛለች። «መመዝገብማ የእኔ ሥራ ነው» አለች። ወረቀቱ አናት ላይ «መዝገባችን ሳንጠየቅ እንዳይወጣ ተቃውመናል» ብላ ጻፈች፤ ጠረጴዛዋንም ሁለት ሰዎች ወደ በረንዳው አወጡላት። ሰዉ ተሰለፈ። የሚችል ፈረመ፤ የማይችል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ተጫነ። አሻራውን የሚያኖረው ሁሉ ምክትሉን አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ያየዋል፤ ከዚያ ለሚቀጥለው ቦታ ይለቃል።

ሰልፉ ሲያልቅ እስክሪብቶውን ለእኔ ዘረጋችልኝ። «አንቺስ? አይተሻል።»

እውነቱን ልናገር፤ ወደ ኋላ አልሁ። የማሳድጋት ልጅ አለችኝ፤ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም። ነዋሪ አይደለሁም ብል የሚወቅሰኝ አልነበረም። ግን አጠገቤ አንጓች የቀለመ ጣቷን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነበር። እሷ የጎንደር ደመወዝ የላትም፤ የሚጠብቃት መሥሪያ ቤትም የላትም። «ምስክር» ብዬ ስሜንና የሥራ መደቤን ጽፌ ፈረምሁ።

ምክትሉ ወደ መኪናው ሲያመራ አያ ወርቁ ከፊቱ ቆሙ። ከዘራቸውን አላነሱም፤ ድምፃቸውንም እንዲሁ።

«ማኅተሙ የከተማው ነው፣ ጌታዬ። እርስዎ ወረዳው የሰጠዎትን ይዘው ይሂዱ።»

ሰውየው ግቢውን በዓይኑ ዞረው። አንድም ሰው አልተነቃነቀም። ማኅተሙን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። አይሱዙው እንደ አመጣጡ ባዶውን ተመለሰ። ወይዘሮ የሺመቤት ግን ጭብጨባውን አልጠበቀችም፤ የአያ ወርቁን መታወቂያ አንስታ ማኅተሙን መታችበትና «ቀጣይ!» አለች።

ምሳና ማግስቱ

አንጓች ቤት የገብስ እንጀራ በድንች ወጥ በላን። ወይዘሮ የሺመቤት ጠቅልላ አጎረሰችኝ።

«አልፈራሽም ነበር?» አልኋት።

«ምነው አልፈራ? ሲናገረኝ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር ይመታ ነበር። መቀመጤ በጀኝ።»

ያደርሁት እሷው ዘንድ ነው። ዓርብ በእግሬ ወደ መገንጠያው ወርጄ፣ በሚኒባስ ጎንደር ገባሁ። ቅዳሜ አላስችል ብሎኝ ሆስፒታሉ በር ላይ ሄጄ ቆምሁ። አምስት ሰዓት ሲሆን አያ ወርቁ የታጠበ ጋቢ ለብሰው መጡ። «ጠባቂው አየው፣ አገላበጠው፣ ይለፉ አለኝ» አሉ። ልጃቸውን ደግፈን፣ ሕፃኗን ተቀባብለን መናኸሪያ አደረስናቸው።

ቤቴ ከገባሁ በኋላ

ሰኞ ያየሁትን እንዳየሁት ጽፌ አቀረብሁ። አለቃዬ አንብቦ «ይህ አይወጣም» አለኝ። «እንግዲያው የወረዳውም ዜና በእኔ እጅ አይወጣም» አልሁት። የዚያ ሳምንት ጋዜጣ ስለ አምባ ጥድ ምንም ሳይል ወጣ። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ፤ ለወይዘሮ የሺመቤትም እንዲሁ። ምክር ቤቱ ተሰብስቦ መዝገቡ ባለበት ይቆይ ብሎ ወስኗል፤ ወረዳው ግን እስካሁን መልስ አልሰጠም። ነገሩ አልቋል ብዬ አንባቢን አላታልልም።

ከጉዞው የተማርሁት አንድ ነገር ነው። ለስድስት ዓመት ሥራዬ የመንግሥትን ሥራ ለሕዝብ መንገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ሕዝቡ ሳይጠየቅ የተናገረ እንዲመስል ሳደርግ ኖሬያለሁ። አሁን እሄዳለሁ። መሄድ ባልችል ከኃላፊው ሌላ አንድ ሰው ሳላነጋግር አልጽፍም። አለቃዬ ሥራ አጓተትሽ ይለኛል፤ ይበል።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጠራ። ወይዘሮ የሺመቤት ነበረች።

«ለጋዜጣው ነው፤ ያዢ» አለችኝ። «የአምባ ጥድ የምዝገባ ቢሮ በዚህ ሳምንትም ክፍት ነበር። ሦስት ልደትና አንድ ጋብቻ መዝግቧል። ከልደቶቹ አንዷ የአያ ወርቁ የልጅ ልጅ ናት።»

አያ ወርቁ ዘንድ ደውዬ አረጋገጥሁና ጽፌ አቀረብሁ። አለቃዬ መነጽሩን አወለቀ። «ቢሮ ክፍት መሆኑ ምን ዜናነት አለው?»

«ክፍት ነው» አልሁት፤ ወረቀቱንም ይዤ ወደ ማተሚያ ክፍሉ ወረድሁ።