ወተቱ በአፋቸው ሳለ

ልጅ ሳለሁ፣ ነገሌ ቦረና፣ ከአባቴ ሱቅ በስተጀርባ ባለችው ግቢ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ተረት ይነገር ነበር። ተራቹ አባባ ጃርሶ ነበሩ። በሥጋ አንዛመድም፤ እኛ ሙስሊም የሱቅ ሰዎች፣ እሳቸው የሊበን ከብት አርቢ። ግን አባቴ በጉብዝናው ጨው በአህያ ጭኖ ገጠር ለገጠር ሲዞር የሚያሳድሩት እሳቸው ስለነበሩ፣ ድርቁ ከብቶቻቸውን ፈጅቶ አንዲት ላም ብቻ ሲያስቀርላቸው ጓሮ ያለችውን ክፍል ሰጣቸው። ያኔ ፋኖሱ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል፣ ፍሙ ምድጃው ውስጥ አመድ እየለበሰ ይሄዳል፣ የወተት ዕቃ የሚያጥኑበት እንጨት ጭስ ከልብሳቸው ይሸተናል፣ እሳቸውም አማርኛውን በኦሮምኛ እየጣፉ ጅብና አንበሳ ያናግሩልናል። ቀልድ አያውቁም ነበር። የሳቸው ጅብ እንኳ አይስቅም።

ከሁሉ የምፈራው ልጇን የረገመችውን እናት ተረት ነበር። ሴትዮዋ በንዴት ትረግምና ሲቆጫት ሽማግሌ ዘንድ ትሄዳለች። እርግማን የሚሽረው የረገመው አፍ ራሱ ነው ይሏታል፤ ትኩስ ወተት ጉንጭሽ ሙሉ ያዢ፣ ልጅሽ ዘንድ እስክትደርሺ ለማንም ቃል እንዳትመልሺ፣ ከዚያ እሷ እያየችሽ እንትፍ በዪላት። መንገድ ላይ ጎረቤት «ናጋ?» ብሎ ሰላም ይላታል፤ ዝም። ጅብ ይጠይቃታል፤ ዝም። ኋላ የልጇን የሚመስል ድምፅ ሲጠራት ግን «ወዬ» ትላለች፤ ወተቱ ይፈሳል፣ ልጅቱም ድንጋይ ሆና ትቀራለች። ለልጅ እንዲህ ያለ ተረት ይነገራል? ለእኛ ይነገር ነበር። እኔ ተረት ብቻ መስሎኝ እተኛለሁ፤ ለካስ እሳቸው ከአባቶቻቸው የተረከቡት ወግ ኖሯል።

አባባ ጃርሶ ጉዮ የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። በድርቁ ጊዜ የተረፉትን ከብቶች ወደ ተልተሌ እንዲነዳ ቢያዙት፣ ሬሳ ልነዳ ነው ወይ ብሎ ትቷቸው ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ። ሽማግሌው በሰው ፊት «የሄድክበት መንገድ አይመልስህ» ብለው ረገሙት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፣ ንዴታቸው በርዶ እንኳ ቃሉን የሚሽሩበት አጋጣሚ አላገኙም፤ ጉዮ በሜጋ መንገድ ሲመላለስ ይውላል፣ ነገሌ ሲገባም እኛ ደጅ አይደርስም። እሳቸውም ይምጣና ይቅርታ ይጠይቀኝ ብለው ይጠብቁታል። ሁለቱም ግትር ነበሩ።

ኋላ የብሔራዊ ውትድርናው አፈሳ መጣ። ጉዮን ከገበያ አንስተው ከከተማው ዳር አንድ መጋዘን ግቢ ከሌሎቹ ጋር እንደ ዘጉበትና በማግስቱ ጠዋት እንደሚጫኑ አባቴ ሰምቶ ነገራቸው። ሲነጋ አባባ ጃርሶ ላሟን አለቡ፣ ከወተቱ ጉንጫቸውን ሞሉና አፋቸውን ዘግተው ወጡ። አባቴ ተከተላቸው፤ እናቴ ሴት ልጅ ወደዚያ አትሄድም ብላ ብትቆጣም የአባቴን ኮት ይዤ እኔም ተከተልኩ። በመንገድ ላይ ሰው ሁሉ «አካም? ናጋ?» ሲላቸው ራሳቸውን ብቻ እየነቀነቁ አለፉ። ያኔ ገባኝ። እንደ ተረቷ እናት እርግማናቸውን ሊሽሩ ነው።

በሩ ላይ የነበረው ዘበኛ ክፉ ሰው አልነበረም። የልጃቸውን ስም ከነገሩት እንደሚያስጠራላቸው ነገራቸው። አባቴ ቀድሞ ጉዮ ጃርሶ አለ።

«አንተን አልጠየቅኩም» አለው ዘበኛው። «ዛሬ ነጋዴው ሁሉ አጎት ሆኗል። አባት ከሆኑ እሳቸው ይንገሩኝ።»

አባቴ የሽማግሌውን ክንድ ይዞ ለመናቸው። ወተቱን ይትፉት፣ ስሙን ይጥሩ፣ ከቻልን ሌላ አልበን እንመጣለን አላቸው። ሞተሮቹ ግን ግቢው ውስጥ ተነስተው ነበርና ሌላ ጊዜ እንደሌለ እሳቸው ያውቃሉ። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

የመጀመሪያው መኪና ወጣ። ልጆቹ ቆመው እርስ በርስ ተጣብቀዋል፤ ጉዮ በእኛ በኩል ካለው ጠርዝ ነበር። አባቱን አይቶ በኦሮምኛ «አቦ!»፣ አባቴ፣ ብሎ ተጣራ። ቢመልሱለት ምን ነበረበት? አልመለሱለትም። ልጇን ድንጋይ ያደረገችውን እናት እያሰቡ ይመስለኛል፣ ከንፈራቸውን ነክሰው ወደ መኪናው ሮጡ። እስኪደርሱ መኪናው ታጠፈ፣ አቧራው ሸፈናቸው፣ ወተቱን እንትፍ ያሉት አቧራው ላይ ነው። ጉዮ ያኔ ፊቱን አዙሮ ነበር። ይህን እኔ አይቻለሁ፤ እሳቸው ግን አላዩም።

ከዚያ ወዲህ ተረት አልነገሩንም። ፍሙ ዳር ይቀመጣሉ፣ እኛም ጠብቀን ጠብቀን እንተኛለን።

መንግሥት የተለወጠ ጊዜ ከሰሜን በእግሩ የመጣ አንድ ወታደር የአባቴን ሱቅ ጠይቆ መጣ። ከጉዮ ጋር አንድ ምሽግ ነበሩ። ጉዮ ሞቷል። በሕይወት ሳለ አንድ ነገር ደጋግሞ ይናገር እንደነበር ወታደሩ ለአባቴ ሲነግረው እኔ ባንኮኒው ዳር ነበርኩ። «አባቴ በሩ ላይ ቆሞ አየኝ፤ ብጠራው እንኳ አላናገረኝም። እርግማኑን ሳይሽርልኝ ቀረ» ይል ነበር አለ።

አባቴ እኔን አስከትሎ ጓሮ ገብቶ መርዶውን አረዳቸው። አባባ ጃርሶ አላለቀሱም። «መኪናው ላይ ሆኖ አይቶኛል?» አሉ።

አባቴ እኔን አየኝ። ውሸት የሚጠላ ሰው ነበር።

«አይቶዎታል፣ አባባ» አላቸው። «አባቴን በሩ ላይ ቆሞ አየሁት ብሎ ለጓደኛው ነግሮታል።»

ትከሻቸው ወረድ አለ፤ ከስንት ዓመት በኋላ እፎይ ሲሉ ሰማኋቸው።

«እንግዲያ ተሽሯል» አሉ። «ልጄን የገደለው የኔ አፍ አይደለም።»

ይህንኑ እንዳመኑ ሞቱ። አባቴም ካለፈ ወዲህ ጉዮ ምን ብሎ እንደሞተ የማውቅ እኔ ብቻ ቀርቻለሁ፤ ለማንም አውርቼው አላውቅም፣ ከልቤም አልወጣ ብሏል። እንደ ሰው እቆጣለሁ፣ እኮርፋለሁ። ግን የተጣላኝ ሰው ከሩቅ ሲጠራኝ፣ ማን በድሎ ማን እንደተበደለ ሳላስብ፣ አቤት እላለሁ።